የማይተነፍስ ዋሽንት

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ኪቦርድ መምታት ነው፣ ቤቱም ከእናቴ ቤት ጋር አጥር ለአጥር። ሶስናዬ፣ ይህችን ትንሽ ኪቦርድሽን በትልቅ ልለውጣት ወይስ በእሷው ላይ ድምፅ መፍጠር ልማር ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔ ፊደሉንም በወጉ አልቆጠርኩ፣ ስለ ኪቦርድ ምን አውቄ እመክርሻለሁ? ያየሁትን ግን አውቃለሁ።

ይህ ሰው የሠርግ ሰው ነበረ። ትልቅ ኪቦርድ አለው፤ ሁለት ሰው ካልተሸከመው ከቤት የማይወጣ። ክራሩም ማሲንቆውም ከበሮውም ተዘጋጅቶ ተሞልቶበታል። አንዱ መቺ ከሌላው በፍላሽ እየገለበጠ ስለሚወስድ የከተማው ሠርግ ሁሉ ክራሩ አንድ ዓይነት ነበር። ሰውየው በአንድ እጁ ቁልፍ ተጭኖ ሕዝቡን ያስጨፍራል፣ በሌላው ጥብሱን ይጎርሳል። አይቻለሁ። ቀልጣፋ ነበር፣ አልዋሽም። በእነሱ ሙያ ትልቁ ነውር ድምፅ ማቋረጥ ነው። መቺው ለአፍታ ካቆመ ጨፋሪው ትከሻውን እንዳነሳ ይቀራል፤ «ምን ነካው?» ይባላል፤ ለሌላ ሠርግ የሚጠራው የለም። ስለዚህ የሰውየው እጅ ማረፍ የሚባል ነገር አያውቅም።

አባቱ ደግሞ ዋሽንት ነፊ ነበሩ። ከዚያ ቤት ሙሽራ የምትወጣው በእሳቸው ዋሽንት ነው። በሩ ላይ ተቀምጠው ይነፋሉ፤ ሲጨርሱ ይነሱና ይመርቋታል፤ ከዚያ ደጁን ትሻገራለች። እህቶቻቸው እንዲያ ወጡ፣ ሴቶች ልጆቻቸውም እንዲያ ወጡ። ምን ይሆናል፣ እርጅና አይለመን፤ የፊት ጥርሳቸው ረገፈ፣ ትንፋሻቸው አጠረ። የሰውየው ልጅ የምታገባበት ጊዜ ሲቃረብ ዋሽንቱን አንስተው ቢሞክሩት እፍ ከሚል ነፋስ በቀር ምንም አልወጣውም።

ዋሽንቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና «እንግዲህ ልጄን እንደ ባዳ ላስወጣት ነው» አሉ።

ልጅቷ ሰማች። «አባባ ሳይመርቁኝ ከዚህ በር አልወጣም» አለች። የሙሽራ ቅብጠት እንዳይመስልሽ፤ ያደገችው እሳቸው ጉያ ውስጥ ነው።

ሰውየው ግን አላስጨነቀውም። «ለዋሽንት ነው እንዴ? ዋሽንት እኔ ጋ ሞልቷል» አለና አባቱን ደግፎ ሳሎን አስገባቸው። ትልቁ ኪቦርድ ፊት አስቀምጧቸው፣ የዋሽንቱን ቁልፍ ተጭኖ፣ የሽኝቱን ዜማ ከዳር እስከ ዳር ተጫወተው። ጥርት ያለ ነው፤ እንከን አይወጣለትም። ሲጨርስ ወደ አባቱ ዞረ።

«ይህ ሰውዬ አይተነፍስም እንዴ?» አሉ አባት።

«የቱ ሰውዬ?»

«የሚነፋው ነዋ! ከጀመረ አንስቶ አየር አልሳበም። ሞቶ እንዳይሆን እየው እስቲ።»

የሰውየው ሚስት ከጓዳ በሳቅ ፈረሰች፤ እኛም ከአጥሩ ወዲህ አላስቻለንም። ሰውየው ግን አልሳቀም። ሌላ ዋሽንት ከፍላሽ አመጣ፣ ሌላም አመጣ። ሽማግሌው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በመጨረሻ «በዚህ ምርቃት አይወጣኝም» ብለው ከዘራቸውን ይዘው ወደ ግቢ፣ ፀሐይ ወደሚሞቁበት ተመለሱ።

የሙያ ጓደኞቹ ከዚህ የሚበልጥ ኪቦርድ ገብቷል፣ እሱን ግዛ አሉት። እሱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከአንዱ ጓደኛው ቤት አቧራ የጠጣች ትንሽ ኪቦርድ ለምኖ አመጣ፤ ክንድ የማትሞላ፣ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ። የተዘጋጀ ክራር የላት፣ ከበሮ የላት። ያላት እንደ ንብ እዝዝ የሚል አንድ ጥሬ ድምፅና ያንን ድምፅ መልክ የሚያሲዙ ጥቂት ማዞሪያዎች ብቻ ናቸው። ሰፈሩ አፉን ከፈተ። አንዷ ጎረቤታችንማ «ድግሱ የልጁ ሠርግ ነው ወይስ የራሱ ክርስትና? አሻንጉሊት ታቅፎ ይዞራል እኮ!» አለች።

እዚህ ላይ ልብ በይ። ትልቁ ኪቦርድ ሳሎን ውስጥ እንደ ሹም ተቀምጦ ሽማግሌውን ወደ ራሱ አስጠርቶ ነበር። ትንሿ ሰውየው ጭን ላይ ሆና ሽማግሌው ወዳሉበት ሄደች። ከጎናቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ እስቲ ይንፉት።»

«አይወጣልኝም አልኩህ እኮ።»

«እንዴት እንደሚነሳ ልስማ።»

ነፉ። ያው እፍ አለ። ሰውየውም የዚያን ጊዜ ገባው፤ ዋሽንት ከድምፁ በፊት ነፋስ አለው። ከማዞሪያዎቹ አንዱ፣ ሬዲዮ ጣቢያ ሲያጣ ሽሽሽ እንደሚለው ያለ ነፋስ ይጨምራል፤ እሱን ገርበብ አደረገ። በሌላው ድምፁ በድንገት እንዳይፈነዳ፣ ቀስ ብሎ እንዲነሳ አደረገ። በሌላው የንቧን ጩኸት አፈነ። ተጫወተው።

«ይህ የተነፈሰ ጎማ ነው» አሉ ሽማግሌው።

ነፋሱን ቀነሰ።

«ይህ ደግሞ ጉንፋን ይዞታል።»

እንደገና አዞረ። ሲበላሽበት ሁሉንም ማዞሪያ መልሶ ከንቧ ይጀምራል። ታክሲ ውስጥ ታገኚዋለሽ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ጭኑ ላይ ያዞራል። የዳቦ ሰልፍ ላይ ቆሞ ያዞራል። ሰው ሲስቅበት ቀና ብሎም አያይ። ድንኳን ተካዮቹ መጥተው ግቢውን ሲለኩ እሱ አሁንም ሽማግሌው አጠገብ ነው።

ድምፁ ዋሽንት ዋሽንት ማለት ጀመረ። እጁ ግን የሠርግ እጅ ነው፤ ክፍተት ባገኘ ቁጥር ይሞላዋል። ሽማግሌው ዋሽንታቸውን ያለ ድምፅ ከንፈራቸው ላይ ያደርጉና አብረውት ጣታቸውን ያነሳሉ፤ አየር የሚሳብበት ቦታ ሲደርስ በክርናቸው ጎኑን ይጎስሙታል። «ተንፍስ፣ አንተ!» ይሉታል። ጎኑ እስኪበልዝ ተጎሰመ።

ሠርጉ ደረሰ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ የሙያ ጓደኞቹ ከፊት ተደርድረዋል። ልጅቷ ቬሎዋን ለብሳ ከደጁ በስተ ውስጥ ቆማለች። ሽማግሌው በሩ ላይ፣ ሰውየው ከአጠገባቸው፣ ትንሿ ኪቦርድ ጭኑ ላይ። ጀመረ። መጀመሪያ ነፋሱ መጣ፣ ድምፁ ከኋላው ተከተለ። የመጀመሪያው ትንፋሽ ቦታ ላይ ሲደርስ እጁን አነሳ።

ጭጭ።

«መብራት ሄደ!» አለ ድንኳኑ ሁሉ። አንዱ መቺ ገመድ ሊያይ ሮጠ። «በባትሪ ነው እኮ!» ይላል ሌላው። ሚዜው ደግሞ «ኧረ ቀጥል፣ ልታዋርደን ነው?» እያለ ያንሾካሹካል። የሰውየው ጣት ወደ ቁልፉ ሊወርድ ሲልና ሲመለስ ከአጥሩ ሥር ይታየኛል። የዕድሜ ልክ ልማዱ ሙላው፣ ሙላው ይለዋል። አልሞላውም። ዓይኑን የአባቱ ደረት ላይ ተክሎ፣ ደረታቸው ቀስ ብሎ ተነፍቶ እስኪሞላ እጁን እንዳነሳ ቆየ። ከዚያ አወረደው።

ሁለተኛው ትንፋሽ ላይ ማንም አልጮኸም። ሦስተኛው ላይ ሴቶቹ አብረው አየር ሲስቡ ሰማሁ።

ዜማው ሲያልቅ ሽማግሌው ማንንም ደግፉኝ ሳይሉ ተነሱ። ሁለት እጃቸውን ልጅቷ ራስ ላይ ጭነው «ሂጂ ልጄ። የገባሽበት ቤት የሞቀ ይሁን፣ ወልደሽ ሳሚ፣ ክፉ አይንካሽ» ብለው መረቋት። «አሜን» አልን። ደጁን ተሻገረች።

እንግዲህ ሶስናዬ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ትልቁ ኪቦርድ የበሰለ ወጥ ያቀርብልሻል፤ በልተሽ ትነሻለሽ፣ ሙያው ግን ያው የሌላ ሰው እንደሆነ ይቀራል። ይህችኛዋ ሽንኩርት ከማቁላላት ታስጀምርሻለች፤ ታስለቅስሻለች፣ ታሳርርብሻለች፣ በኋላ ግን ባለሙያ ታደርግሻለች። ግድግዳችን ስስ ነው፣ እሰማሻለሁ፤ ለቀበሌው ድራማ የወፍጮ ድምፅ ጠፋኝ ብለሽ ሰንብተሽ ክፍልሽን ዘግተሽ ስታዞሪ ትውያለሽ። ወፍጮው ክፍልሽ ውስጥ ነው እንዴ? ሰውየው አባቱ አጠገብ እንደተቀመጠው አንቺም ይዘሻት ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተቀመጪ። ቀበቶው ሲነሳ ምን እንደሚል፣ እህሉ ድንጋዩ ሥር ሲገባ ምኑ እንደሚለወጥ ስሚና አዙሪ። አስፈጪዎቹ ይሳቁ፤ እኔም አልፌ ባይሽ እስቅ ይሆናል፣ አትስሚኝ። መለወጡን እሷን ጨርሰሽ ካወቅሻት በኋላ እንነጋገርበታለን።

አሁን ጫማሽን አድርጊ፤ ወፍጮው ሲነሳ ይሰማኛል።