የእናታቸውን ጧሪ ሊመርጡ የተቀመጡ ጃርቶች

ተረት ልንገራችሁ፤ እናንተም እሺ በሉኝ። ድሮ ዓይኗ የደከመ አንዲት አሮጊት ጃርት ነበረች። ሦስት ልጆቿ ማን እንደሚጦራት ሊመክሩ ጉድጓዷ ተሰበሰቡ።

«የእኔ መኖሪያ ሩቅ ነው» አለ ታላቁ።

«እኔ ደግሞ ስድስት ልጆች አሉብኝ» አለች ሁለተኛዋ።

«እኔ ገና ራሴን አልቻልኩም» አለ ታናሹ።

ምክሩ ሰባት ቀን ፈጅቶም አላለቀም። እናትየዋም ልጆቿ እንዳይራቡ በየማለዳው እየተደናበረች ወጥታ ድንች ቆፍራ ታመጣላቸው ነበር። በስምንተኛው ቀን ድንጋይ አደናቅፏት፣ ባዶ እጇን እያነከሰች ገባች። ልጆቿ ክው አሉ።

«ታዲያ ነገ ማን ሊያበላን ነው?» አለ ታላቁ።

«አይዟችሁ ልጆቼ፣ እየተሳብኩም ቢሆን እሄዳለሁ» አለች እናትየዋ። «እናንተ ብቻ ሳትቸኩሉ ምከሩ።»

እነሱም ሳይቸኩሉ መከሩ።