ልቡ የሚታየው እንቁራሪት

ተረቴን የሚሰማ ጠጋ ይበል። ሆደ ባሻ ካለ ከአሁኑ ይነሳ፤ መሀል ላይ የሚያለቅስ ሰው አልወድም።

በአንድ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ፣ ከትልቅ ዛፍ ሥር በሚፈልቅ ምንጭ አጠገብ፣ ጥፍር የሚያህል እንቁራሪት ነበር። ወንድ ነው፤ አባት ነው። ሆዱ እንደ ብርጭቆ ስለሆነ ልቡ ስትመታ በውጭ ትታያለች። ሃያ እንቁላሎቹን ምንጩ ላይ ካዘነበለ ቅጠል ሥር ለጥፎ ይጠብቃል። እዚያው ቁጥቋጦ ውስጥ አረንጓዴ እባብ ስላለ፣ እንቁላሎቹን መጠበቅ ከጀመረ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ጮኾ አያውቅም። የሚፈልገው ትንሽ ነገር ነው፤ ልጆቹ ተፈልፍለው ውሃው ውስጥ እስኪወድቁ፣ ሦስት ቀን ብቻ፣ ቅጠሉ እንዳይደርቅበት።

ቅጠሉ ግን ጫፍ ጫፉ ይጠቀለል ጀመር።

«ቅጠል ሆይ፣ ልጆቼን ያዝልኝ» አለ በሹክሹክታ።

«አልይዝም፤ ጉም አላረጠበኝም።»

«ጉም ሆይ፣ ቅጠሉን አርጥብልኝ። ቅጠል ልጆቼን አልይዝም አለ።»

«አላረጥብም፤ ምንጭ አላነሳኝም።»

«ምንጭ ሆይ፣ ጉሙን አንሳልኝ። ጉም ቅጠል አላረጥብም አለ፤ ቅጠል ልጆቼን አልይዝም አለ።»

«አላነሳም። ፀሐይ ጠጥታ ልትጨርሰኝ ነው፤ ዛፉ አላጠላልኝም።»

«ዛፍ ሆይ፣ ለምንጩ አጥላለት። ምንጭ ጉም አላነሳም አለ፤ ጉም ቅጠል አላረጥብም አለ፤ ቅጠል ልጆቼን አልይዝም አለ።»

«በምኔ ላጥላ? ቅርንጫፌን ኮቺቶ ትናንት መለመለው። ዛሬ ደግሞ ግንዴን ሊጥል መጥቷል።»

እውነትም ንብ አርቢው ኮቺቶ መጥረቢያውን ይዞ ቆሟል። ሚስቱ አሻሜ ገመድ ተሸክማ ከኋላው አለች።

«ኮቺቶ ሆይ፣ ዛፉን ማርልኝ። ዛፍ ለምንጭ አላጠላም አለ፤ ምንጭ ጉም አላነሳም አለ፤ ጉም ቅጠል አላረጥብም አለ፤ ቅጠል ልጆቼን አልይዝም አለ።»

«አንተ፣ ልቡ እኮ ይታያል!» አለች አሻሜ።

«የልጆችሽስ ልብ አይታይሽም? ጣራው ሊወድቅባቸው ነው፤ ምሰሶ ያስፈልገኛል» አላት። ከዚያ ወደ ቅጠሉ ዞረ። «ስማ፣ ንብ ያለበት ዛፍ እንደማይቆረጥ አውቃለሁ። ንብ ቢገባልኝ ኖሮ እንደ ወጋችን የሚጠጣበትን ምንጭ በቅርንጫፍ አለብሰው ነበር። ቀፎዬ ግን ባዶ ነው። ባዶ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ያው እንጨት ነው።»

ከማዶ መንጋ ንብ ማረፊያ አጥቶ ይዞራል።

«ንብ ሆይ፣ ቀፎ ግባልኝ። ኮቺቶ ዛፍ አልምርም አለ፤ ዛፍ ለምንጭ አላጠላም አለ፤ ምንጭ ጉም አላነሳም አለ፤ ጉም ቅጠል አላረጥብም አለ፤ ቅጠል ልጆቼን አልይዝም አለ።»

«አንገባም። ውሃ የሌለበት አንሰፍርም፤ ውሃ መኖሩን የምናውቀው እንቁራሪት ሲጮህ ነው። እዚህ የሚጮህ የለም።»

«ውሃ አለ፤ እኔ እነግራችኋለሁ።»

«ሹክሹክታ አናምንም። እንቁራሪቱን ጠይቅ።»

«እንቁራሪቱ እኮ እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው ራስህን ጠይቅ» ብለውት አለፉ።

ምስኪን ራሱን ጠየቀ። እኔ አልጮህም አልኩ፤ ንብ ቀፎ አልገባም አለ፤ ኮቺቶ ዛፍ አልምርም አለ፤ ዛፍ ለምንጭ አላጠላም አለ፤ ምንጭ ጉም አላነሳም አለ፤ ጉም ቅጠል አላረጥብም አለ፤ ቅጠል ልጆቼን አልይዝም አለ። እንቁላሎቹን አያቸው። ውስጣቸው ጭራ የሚመስል ነገር ይንቀሳቀሳል። ሁለቱ ደርቀዋል። ፈራ፤ በጣም ፈራ፤ ልቡ ስትዘል አሻሜ ከቆመችበት አየቻት።

ኮቺቶ መጥረቢያውን አነሳ።

እንቁራሪቱ ጮኸ። ንቦቹ ዞሩ። ደግሞ ጮኸ። ንቦቹ መጡ። ሦስተኛውን ጀመረው፤ እባቡ ግን አላስጨረሰውም።

ንብ ቀፎ ገባ፤ ኮቺቶ ዛፉን ማረ። የመለመለውን ቅርንጫፍ ሁሉ ጎትቶ ምንጩን አለበሰው፤ ዛፉም በተቆረጠ ክንዱ አጠላ። ምንጭ ጉም አነሳ፤ ጉም ቅጠል አረጠበ፤ ቅጠል ልጆቹን ያዘ። በሦስተኛው ቀን አሥራ ስምንቱ አንድ በአንድ ውሃው ውስጥ ወደቁ።

ኮቺቶ ዛፉን የማረ ዕለት ግን «ምሰሶውስ?» ብላው ነበር አሻሜ።

«ከወንዙ ማዶ የወደቀ ግንድ አለ። ወገቤ ቢቀነጠስም እሱን እጎትታለሁ» አለና ጆሮውን ወደ ቁጥቋጦው አዘነበለ። «ያ ጯኺ የት ሄደ? ላመሰግነው ነበር።»

አሻሜ አይታ ነበር። ገመዷን ጠቅልላ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች።

ኮቺቶ ዘንድሮ ጥሩ ማር ቆረጠ አሉ። ከአሥራ ስምንቱ አንዱም አድጎ፣ ከዚያው ቅጠል ሥር እንቁላሎቹን ታቅፎ፣ ትንፍሽ ሳይል ይጠብቃል። ልቡ ትታያለች። እባቡም እዚያው ቁጥቋጦ ውስጥ ነው።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ተነሱ ብዬ ነበር።