ጀርባ ሰጥተው የሚዋደዱ

«አንድ ባል ነበረ» አሉ መምህር ዘርይሁን። «አገሩ ግን ይህች ምድር አይደለችም፤ ከጨረቃ ማዶ ነው።»

ይህን ያሉት ለምንውዬለት ነው። ምንውዬለት ድሮ ያስተማሩት ልጅ ነው፤ አሁን አግብቶ የራሱን ቤት ይዟል። የዚያን ቀን መጥቶ ገና በቅጡ ሳይቀመጥ፣ «መምህር፣ ሚስቴ ስልኳን መቆለፍ ጀምራለች። ተኝታ ሳለች ጣቷን አስነክቼ ልክፈተው ወይስ ልተወው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ከጨረቃ ማዶ ምን ወሰድዎት?» አለ ምንውዬለት።

«እዚሁ ሰፈር ባደርገው፣ ሰውየው ማን ይሆን እያልክ ስትጠረጥር ታሪኩ ያመልጥሃላ!» አሉትና ቀጠሉ።

የዚያ አገር ሰዎች ቤት የላቸውም። ፊታቸውና ደረታቸው እንደ ጋሻ የጠነከረ ነው፤ ጀርባቸው ግን እንደ ሕፃን መዳፍ ስስ ነው። ከየት በኩል እንደሚነሳ አስቀድሞ የማይታወቅ፣ ስል አሸዋ የተሸከመ ነፋስም አለባቸው። ነፋሱ ከፊት ከመጣ ምንም አያደርጋቸውም፤ ጀርባ ካገኘ ግን ይልጣል። ስለዚህ ያላገባ ሰው ነፋስ ሲነሳ ሮጦ ቋጥኝ ላይ ይለጠፋል። ያገባ ሰው ቋጥኝ አያስፈልገውም። ባልና ሚስት ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ይቀመጡና እሱ በወዲያ፣ እሷ በወዲህ የሚመጣውን በደረታቸው ይመልሳሉ።

ፍቅራቸውም በዚሁ ነው። አንድ ጎልማሳ ሴት ከወደደ ሽማግሌ አይልክም። ፊቷ ሄዶ ይቆምና ዞሮ ጀርባውን ይሰጣታል። ከፈለገችው እሷም ዞራ ትደገፈዋለች፤ ካልፈለገችው መንገዷን ትሄዳለች። ከተጋቡ በኋላ የልባቸውን የሚጨዋወቱት እንደዚያው ተደጋግፈው፣ ሳይተያዩ ነው። በዚያ አገር ፊት ለፊት ቆመው የሚነጋገሩት ገበያተኞችና የተጣሉ ሰዎች ብቻ ናቸው።

ይህ ባል ሚስቱን ይወዳት ነበር። አንድ ቀን ግን ተደጋግፈው ሳሉ ጀርባዋ ሲንቀጠቀጥ ተሰማው። እየሳቀች ነው።

«ምን አሳቀሽ?» አላት።

«እንዲሁ ነው» አለችው።

«እንዲሁ» ያለችው ነገር ከሆዱ አልወጣ አለ። ከዚያ ወዲያ ስትተነፍስ ለማን ነው የተነፈሰችው ይላል፤ ዝም ስትል ደግሞ ይብስበታል። «እኔ የማየው በእኔ በኩል ያለውን ሜዳ ነው» እያለ ያስባል። «በእሷ በኩል ማን እንደሚያልፍ፣ ፊቷ ለማን እንደሚፈካ በምን አውቃለሁ?»

በዚያ በኩል የሚመላለስ አንድ ወንደላጤ ነበርና ጠብቆ ያዘው።

«ሚስቴን ስታልፍ ታያታለህ። ምን ታደርጋለች?»

«ትቀመጣለች» አለው ወንደላጤው።

«ከማን ጋር?»

«ካንተ ጋር ነዋ!» አለው ደንገጥ ብሎ።

ባልየው፣ ይህ ሰው ምን አስደነገጠው እያለ ወንደላጤውንም ጠርጥሮ ተመለሰ።

በማግስቱ አንድ ስልቻ ጭድ ሞላና ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ አኖረው። የሰው ገላ ያህል ሲሞቅለት አምጥቶ ከጎኑ ደበቀው። ከሚስቱ ጋር ተደጋግፈው እንደተቀመጡ ቀስ ብሎ ጀርባውን አላቀቀና በእሱ ምትክ ስልቻውን አስደገፋት። እሷም ትንሽ ተመቻችታ ተደገፈችው። ባልየው በሩቅ ዞሮ በፊቷ በኩል ካለ ድንጋይ ሥር ተጋደመና አጮልቆ አያት።

ሳታውቅበት ፊቷን ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ፈገግ ብላለች። ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል።

ደሙ ፈላ። ዙሪያዋን ቃኘ፤ ማንም የለም። «እንግዲያው ሰውየው ከእኔ ቀድሞ ተደብቋል ማለት ነው» አለ በልቡ። ምን እንደምታወራ ለመስማት በሆዱ እየተሳበ ተጠጋ። የደረሰው ግን መጨረሻው ላይ ነበር።

«...እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው» ትላለች። «እስከ ዛሬ አፍኜ የያዝኩት እንዳትጠላኝ ፈርቼ ነው። አሁን ቀለለኝ። ምነው ዝም አልክ?»

የምታወራው ለእሱ ነበር።

ሊነሳ ሲል ነፋሱ መጣ፤ የመጣውም ስልቻው በተቀመጠበት በኩል ነው። ሚስቱ ድምፁን ሰማች፤ አልደነገጠችም። «በአንተ በኩል መጣ መሰለኝ፤ በርታ» አለችና አጥብቃ ወደ ኋላዋ ተደገፈች።

ነፋሱ ስልቻውን እንደ ቅጠል አንስቶ ወሰደው። ባልየው እየጮኸ ሮጠ፤ ሲደርስ ጀርባዋ ተልጦ ነበር።

አስታመማት፤ ዳነች። አልጮኸችበትም፤ ጥላውም አልሄደች። ከእሱ ጋር ትበላለች፤ እንዴት አደርክ ትለዋለች። ነፋስ ሲነሳ ግን ወደ ቋጥኙ ትሄዳለች። እሱ ዞሮ ጀርባውን ሲሰጣት፣ ዞራ ትመጣና ፊት ለፊቱ ቆማ ታነጋግረዋለች።

አንድ ቀን እግሯ ላይ ወደቀ። «የዚያን ቀን የነገርሽኝ ምን ነበር? መጨረሻውን ብቻ ነው የሰማሁት።»

«ነግሬሃለሁ እኮ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ፊቷን ሲያይ ኖረ። አንዳንድ ቀን የነገረችው ጥፋት ይመስለዋል፤ አንዳንድ ቀን ኀዘን። የቱ እንደሆነ ግን ሳያውቅ ሞተ።

መምህር ዘርይሁን ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱ።

«ግን ምን ነበር የነገረችው?» አለ ምንውዬለት።

«እኔም አላውቅም። እሱ ካልሰማ እኔ ከየት አመጣዋለሁ?» ወደ እሱ ዞሩ። «ልጄ፣ ያ ባል አንተ ነህ። አጠገብህ እንቅልፍ የሚወስዳት አምናህ ነው፤ ልትሰርቃት ያሰብካት ጣት ያቺ ስስ ጀርባ ናት። ስልኩ ውስጥ ምንም የለም ብዬ አልምልልህም። ብታገኝበት፣ ራሷ ልትነግርህ ስትችል አፏን ዘጋህባት ማለት ነው። ባታገኝበት ደግሞ አጥፍታው ነው ትላለህ፤ አውቅሃለሁ። ነቅታ ሳለች ጠይቃት። ስትመልስልህም እዚያው ተገኝ።»

ምንውዬለት ከተቀመጠበት ተነሳ፤ በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። «ብትዋሸኝስ?»

«ብትዋሽም ለአንተ ትዋሽ» አሉት። «ለስልቻ ግን አታስወራት።»