አያ ጅቦ «የለም» ያለ ቀን

አንድ ጊዜ፣ በቆላ አገር፣ ከወንዝ ወዲህ ያለው ሜዳ ተግጦ ተግጦ ድንጋይ ብቻ ቀረ። ሣሩ ከወንዝ ማዶ ነው። ወንዙ ደግሞ የሚታመን አልነበረም። ቆላው ጠርቶ ሳለ ደጋው ላይ ይዘንብና ደራሽ ውሃ ቋጥኝ እያንከባለለ ይወርዳል። ደጋውን አሻግሮ የሚያየው በተራራው አናት የሚኖረው አንበሳ ብቻ ነበር።

ስለዚህ አንበሳ ሥርዓት አወጣ። ደጋው የጠቆረ ቀን በዋሻው ደጃፍ ጥቁር ድንጋይ ያስቀምጣል፤ መሻገር ክልክል ነው። ደጋው የጠራ ቀን ነጭ ድንጋይ ያስቀምጣል፤ አህያና ፍየሎች ይሻገራሉ። ድንጋዩን አይቶ ወንዝ ዳር ለሚጠብቁት እንዲነግር የተሾመው አያ ጅቦ ነው። በብልሃቱ አልተሾመም። እግሩ ጠንካራ ነው፤ ሌላ ሥራም አልነበረውም። ለድካሙ ከአንበሳ ማዕድ የተረፈ አጥንት ይሰጠዋል። አህያና ፍየል እንዳይነካ መሐላ ስላለበትም ጠዋት ጠዋት ምራቁን እየዋጠ ወሬውን ያደርሳል።

ወንዝ ዳር ቀድማ የምትገኘው እመት አህዪት ነበረች። የምታጠባው ውርንጭላ አላት። ጥያቄዋ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አያ ጅቦ፣ ጥቁር ድንጋይ አለ?»

«አለ» ካለ ይተኛሉ። «የለም» ካለ ይሻገራሉ።

አንድ ጠዋት ጅብ ከወትሮው ቀድሞ ተመለሰ።

«ቶሎ መጣህ፤ ደህና ነው?» አለችው።

«እግሬ ቀሎኝ ነው።»

«ጥቁር ድንጋይ አለ?»

ጅብ አሰበ። ማሰብ ስለማይሆንለት ጆሮውን አከከ። «የለም» አለ።

አህዪት አንድ ነገር ከነከናት። ደግማ ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት ውርንጭላው የደረቀ ጡቷን በአፍንጫው ገፋ ገፋ አደረገ። ፍየሎቹም ቀድመው ውሃው ውስጥ ገብተዋል። ጥያቄዋን ዋጠችና ተከተለቻቸው።

መሃል ሲደርሱ ከላይ በኩል ወፍጮ የሚያጓራ የሚመስል ድምፅ መጣ። አህዪት ድምፁን ታውቀዋለች። «ሩጥ!» ብላ ጮኸች። እሷ ማዶ ደረሰች። ውርንጭላዋ አልደረሰም።

ቀኑን ሙሉ ወንዙን ተከትላ እያናፋች ቁልቁል ወረደች። ውሃው ሲጎድል ውርንጭላውን የወደቀ ሾላ ቅርንጫፎች መሃል ተሰንቅሮ አገኘችው። በሕይወት አለ፤ የፊት እግሩ ግን ተሰብሯል። ከፍየሎቹ አንዷ ጭራሽ አልተገኘችም።

በማግስቱ ሁሉም አንበሳ ደጅ ለዳኝነት ቆሙ። ለጅብ ጠበቃ የቆመለት ቀበሮ ነበር። ከጅብ አጥንት ላይ ቅልጥሙን የሚካፈለው እሱ ስለሆነ ነገሩ አሳስቦታል።

«ጌታዬ፣» አለ ቀበሮ እጅ ነስቶ፣ «አያ ጅቦ የተጠየቀው 'ጥቁር ድንጋይ አለ?' ተብሎ ነው። ትናንት እዚህ ደጃፍ ጥቁር ድንጋይ ነበር?»

«አልነበረም። ሌሊት ለአደን ወጥቼ ስላልተመለስኩ ምንም አላስቀመጥኩም» አለ አንበሳ።

«እንግዲያው እውነት ተናግሯል። እውነት የተናገረ ይቀጣል?»

ፍየሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አህዪት ግን ወደ ጅብ ዞረች።

«አያ ጅቦ፣ ትናንት 'የለም' ስትለኝ ምን አይተህ ነበር?»

«ምንም። ደጃፉ ባዶ ነበር፤ አጥንት የሚሰጠኝም ስላልነበረ ቶሎ ተመለስኩ።»

«ከትናንት ወዲያም 'የለም' ብለኸኛል።»

«ያን ቀንማ ነጭ ድንጋይ ነበር።»

«ጉም የነበረ ለትስ?»

«ጉሙ ደጃፉን ሸፍኖት አልታይ አለኝ። ያልታየኝን አለ ልበል?»

«በገበያው ቀንስ?»

ጅብ ጆሮውን አከከ። «መንገድ ላይ የሞተ በሬ አገኘሁ። ተራራውን አልወጣሁትም።»

«ታዲያ ያን ቀን 'የለም' ያልከን ምኑን ነው?»

«ጊዜውን። ጊዜ የለም ማለቴ ነበር።»

ፍየሎቹ በገበያው ቀን ወንዙ መሃል ተዝናንተው ቆመው ውሃ እንደጠጡ ትዝ አላቸው። ቀበሮ ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር።

«ጌታዬ፣» አለች አህዪት፣ «ዋሸ አላልኩም። ውሸታም ቢሆን ነቅተንበት እንጠነቀቅ ነበር። 'ነጭ አየሁ'፣ 'ምንም አላየሁም'፣ 'አልሄድኩም' ለእሱ አንድ ቃል ናቸው። እኔ ደግሞ በዚያች ቃል ልጄን ይዤ ውሃ ውስጥ ገባሁ።»

አንበሳ የዋሻውን ደጃፍ ተመለከተ። «ሳላስቀምጥ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ የእኔም ጥፋት አለበት» አለ። ወደ ጅብ ዞሮም፣ «አንተ ከዛሬ ጀምሮ 'የለም' የምትለው ቃል ወንዝ ዳር ካፍህ እንዳትወጣ። ነጭ ካየህ ነጭ፣ ጥቁር ካየህ ጥቁር በል። ባዶ ከሆነ 'አልተቀመጠም'፣ ካልታየህ 'አላየሁም'፣ ካልመጣህ 'አልሄድኩም' በል» አለው።

ጅብ ደነገጠ። «አልሄድኩም ካልኩ አጥንቴስ?»

«እውነቱን ከተናገርክ አጥንትህ አይቀርብህም። ደባልቀህ ከተናገርክ ግን የራስህን አጥንት ትቆረጥማለህ።»

ጅብ ይህ ወዲያው ገባው።

«ነጭም ጥቁርም ካላለንስ ምን እናድርግ?» አለች አህዪት።

«ነጭ እስካልተባለ ድረስ አትሻገሩ።»

«ሰማዩ ጠርቶ፣ ሣሩ ፊት ለፊት እየታየም?» አለ ቀበሮ።

«እየታየም።»

ብዙም ሳይቆይ ጅብ አንድ ጠዋት እያለከለከ መጣ። «አልተቀመጠም!» አለ፤ ቃሉን እንዳይረሳው መንገዱን ሁሉ ሲደጋግመው ነው የመጣው። አንበሳ አሁንም አደን ውሎ አድሯል። እንስሳቱ ወንዝ ዳር ተቀመጡ። ሰማዩ ጠርቷል። ማዶ ያለው ሣር በነፋስ ይወዛወዛል። ውሃው ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ማታም ከሰኮና አላለፈም። ደራሽ የሚባል ነገር አልመጣም።

ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ሽማግሌ ፍየል ተነስቶ አህዪት ፊት ቆመ። «ይኸው! በከንቱ ተርበን ዋልን!» አለ።

አህዪት ሆድዋ ይጮኻል። ውርንጭላዋ የተሰበረ እግሩን ዘርግቶ ሆድዋ ሥር ተኝቷል።

«ተርበንም ቢሆን ሁላችንም ዋልን» አለች።

ከዚህ የምንማረው «የለም» እና «አላውቅም» የተለያዩ መልሶች መሆናቸውን፣ ሁለቱን በአንድ ቃል የሚመልስም ሳይዋሽ ሊያጠፋን እንደሚችል ነው።