አስታራቂው የበሉት ሽሮ

ሸንበቆ በር ከምትባለው ከተማ ሄዳችሁ ሰው ቤት ለምሳ ብትቀመጡ፣ የቤቱ እመቤት ወጡን ካቀረበች በኋላ ከእንግዳው ፊት አንድ ጊዜ ቆርሳ ትቀምስና ፈገግ ትላለች። የአገሩ ሰውም አብሯት ይስቃል። ባዳው ግራ ገብቶት «ምኑ ነው የሚያስቃችሁ?» ሲል አንዲት ተረት ይነግሩታል። ተረቷ አጭር ናት፤ ከኋላዋ ያለው ታሪክ ግን አንድ ሳህን ሽሮ፣ አንድ ችኩል ሽማግሌና ልጇን አጥብቃ የምትወድ አንዲት እናት አሉበት። ሰምታችሁ ፍረዱ።

እናትየዋ ትሁን ትባላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀራት አንድ ልጇ አንለይ ነው። ልጅ ይባል እንጂ ጢሙን የሚላጭ፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው ነው። በረንዳቸው ላይ ተቀምጦ ዣንጥላ ይጠግናል። ክረምት ሲቃረብ የከተማው ቄስና ነጋዴ የተሰበረ ዣንጥላውን ታቅፎ እሱ ዘንድ ይሰለፋል። አንድ ዘመን ላይ ግን አንለይ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማው ጀመር። «ሰዎቹ» ይላቸዋል። ሰዎቹ ይሰድቡታል፣ ያስፈራሩታል፣ አንዳንዴም ቤት ውስጥ ዣንጥላ ዘርግቶ እንዲቀመጥ ያዙታል። ጎረቤት እንደ ልማዱ የመሰለውን ተናገረ፤ አንዱ ዓይነ ጥላ ነው አለ፣ ሌላው መተት ነው አለ። ትሁን ሁሉንም አዳመጠችና ልጇን ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ሕመሙ ስኪዞፍሬኒያ እንደሚባልና እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት መድኃኒት እየወሰዱ የሚኖሩበት ሕመም እንደሆነ ነገሯት።

መድኃኒቱም ሠራ። ሰዎቹ ጨርሰው ዝም ባይሉም ድምፃቸውን ቀነሱ፣ አንለይም ወደ ዣንጥላው ተመለሰ። ደህና እየዋለ ሳለ አንድ ጠዋት «በቃኝ፣ ከእንግዲህ አልወስድም፣ ጤና ጣቢያም አልረግጥም» አለ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም፤ እውነቱን ለመናገር ትሁንም አልጠየቀችውም። ፍርሃቷ ጥያቄዋን ቀደመው። እያለቀሰች ጤና ጣቢያ ብትሄድ ነርሷ ሲስተር ውዴ «አደራ፣ እንዳትደብቂበት! ተማከሩ፤ ከዚያ ይዘሽው ነይ» አለቻት። ትሁን «እሺ» ብላ ወጣች። እሺ ማለትና እሺ ያሉትን መፈጸም ግን ለየቅል ናቸው። ቤቷ እንደገባች ክኒኑን ሙቀጫ ውስጥ ከተተችው።

ተንኮል ያልለመደ ሰው ተንኮሉ ያስታውቅበታል። እናትና ልጅ ድሮም በአንድ ትሪ ነበር የሚበሉት። አሁን ግን ትሁን ክኒኑ ወደ እሷ በኩል እንዳይመጣ የአንለይን ለብቻው በሳህን ታቀርብለት ጀመር። ልጇ አሞታል እንጂ ዓይንም ጆሮም አለው።

«እማ፣» አላት አንድ ቀን፣ «ሽሮው በስሎ ከወረደ በኋላ ሙቀጫው ምን ያንኳኳል?»

«ነጭ ሽንኩርት ነው።»

«ነጭ ሽንኩርት ከመቼ ወዲህ ነው የሚመረው? ደግሞስ ለምን ለብቻዬ እበላለሁ? ተጣላን እንዴ?»

«አሞህ ነው፣ ልጄ። አትጠራጠር።»

«አሞህ ነው» ከተባለ ወዲያ ክርክር የለም። አንለይ ለጎረቤቶቹ «ምግቤ ውስጥ ነገር አለ» ቢላቸው፣ «ውይ፣ ተነሣበት!» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡለት። በመጨረሻ የቤቱን ምግብ እርግፍ አድርጎ ተወና ከሱቅ ዳቦ እየገዛ መብላት ጀመረ። ሰውነቱ መነመነ። አንድ ቀን ትሁን ቤቱን ስትጠርግ ከአልጋው ሥር ልብሱን የቋጠረበት ፌስታል አገኘች፤ መርፌውና ክሩም ውስጡ ነበር። መርፌውን ይዞ የሚወጣ ሰው ሊመለስ አይደለም።

ስለዚህ ሽማግሌ አስጠራች። ጋሽ አደላድለው የአንለይ የክርስትና አባት፣ ለእሷም አበልጅ ናቸው። በሸንበቆ በር ያላስታረቁት ሰው የለም፤ ካስታረቁት ውስጥ ደግሞ ተመልሶ ያልተጣላ ጥቂት ነው፤ እንዲህ የሆነው ችኩል ስለሆኑ ነው። «እርቅ ከቀዘቀዘ አይጥምም» ይላሉ። ያን ቀን የሁዳዴ ጾም ነበርና ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። በዐሥር ሰዓት ደግሞ በእርሻ ድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ዋርካው ሥር ቀጥረዋል። የጾሙ ሰዓት እንዳለቀ በመሀል የእናትና የልጅን ነገር ላፍታ ሊጨርሱት ከተፍ አሉ። ትሁንም ልጇ እሺ ብሎ ቢበላ ብላ የእሱን ሳህን እንደ ልማዷ አሰናድታ አቆይታለች።

«አንለይ፣ የእናትህን እጅ ተጠራጠርክ አሉ» አሉ ጋሽ አደላድለው ገና ሳይቀመጡ።

«እጇን አይደለም፣ ሽሮዋን ነው።»

«ሽሮ ደግሞ ምን ያጠራጥራል!»

«እንግዲያው ይብሉልኝ» አለ አንለይ ረጋ ብሎ። «በልተው ምንም ካልሆኑ ፌስታሌን እፈታለሁ፤ ያቀረበችልኝን እበላለሁ፣ ቃል አይወጣኝም። አንድ ነገር ከሆኑ ግን ‹ልጁ ልክ ነበር› ብለው በሰው ፊት ይመሰክሩልኛል።»

«አለቀ! እንዲህ ያለ ቀላል እርቅ ገጥሞኝ አያውቅም። ሳህኑን ወዲህ በለው!»

ትሁን ላብ አጠመቃት። «አበልጄ፣ እሱ ቀዝቅዟል፤ ለእርስዎ ትኩስ አለ።»

«ቀዝቃዛ እወዳለሁ።»

«እንጀራውም ደርቋል።»

«ጥርስ አለኝ።»

«ጨውም በዝቶበታል፣ ይተዉት፣ በሞቴ!»

«አበልጄ፣ እኔ የምበላው ለምስክርነት ነው እንጂ ለጣዕም አይደለም» አሉና እጃቸውን ሰደዱ። ለምስክርነት የሚበላ ሰው ሳህኑን እንደዚያ ሲጠርግ ታይቶ አይታወቅም።

በልተው ሲጨርሱ በድላቸው ተደስተው ስለ እናት ክብር ረዥም ንግግር ጀመሩ። አንለይ አፍ አፋቸውን ያያል፤ ትሁን ደግሞ ዓይን ዓይናቸውን። ንግግሩ መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ይጣደፍ ነበር፤ እየቆየ ግን መንቀርፈፍ ጀመረ። ወደ ምርቃቱ ሲደርሱ ምላሳቸው ከበደ። «እግዚአብሔር ቤታችሁን… ይባርክ… ፍቅሩን…» አሉና አገጫቸው ደረታቸው ላይ አረፈ። ትሁን «አሜን» ልትል ብትጠብቅ የመጣው ማንኮራፋት ነው።

ልጇ የሚስቅባት መስሏት ነበር። አልሳቀም። ፊቱ አመድ መስሎ ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

«እማ፣» አለ፣ «እኔን ልትገድዪኝ ነበር?»

ውሸት አፏ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጾሙ አድክሟቸው ነው፣ እርጅና ነው ልትል ትችል ነበር። ያንን ብትል ግን ልጇ ፌስታሉን አንጠልጥሎ በዚያው ይወጣል፤ ይህን እንደ ራሷ ስም አወቀችው። ተነሥታ ከበርበሬው ማሰሮ ውስጥ እሽጉን አወጣችና መዳፏ ላይ ዘርግታ አሳየችው።

«መድኃኒትህ ነው፣ ልጄ። እየፈጨሁ እጨምርልህ ነበር። የመረረህ እሱ ነው። አንተ ልክ ነበርክ፣ የዋሸሁህ እኔ ነኝ።»

አንለይ እሽጉን ተቀብሎ አገላበጠው።

«ሰዎቹ ‹ምግብህ ውስጥ ነገር አለ› ሲሉኝ ምን እላቸው እንደነበር ታውቂያለሽ?» አላት። «‹ውሸታችሁን ነው፣ እናቴ እንዲህ አታደርግም› እላቸው ነበር።»

ትሁን ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከዚህ የሚብስ ስድብ ሰው ሰድቧት አያውቅም፤ ደግሞም ስድብ አልነበረም።

አንለይ ግን ሌላ ቃል ሳይጨምር በሩን ከፍቶ ሮጠ። ትሁን በቃ ሄደ ብላ ደጃፉ ላይ ዘፍ አለች። ጥቂት ቆይቶ ሲስተር ውዴን እጇን ይዞ እየጎተተ መጣ። ጤና ጣቢያ አልረግጥም ያለው ሰው ለሽማግሌው ሲል ረገጠ። ሲስተር ውዴ የጋሽ አደላድለውን የደም ሥር ዳሰሰች፣ ግፊታቸውን ለካች፣ ስንት ክኒን እንደነበረበት ትሁንን ጠየቀች።

«ይነቃሉ። ላልለመደው ሰው ያስተኛል፤ ሲነቁ ግን ዘለው እንዳይነሡ፣ ያዞራቸዋል። እኔም እስኪነቁ እዚሁ ነኝ» አለች። ወደ ትሁን ዞራም «ምን ብዬሽ ነበር?» አለቻት። ከዚያ ነርሷ አንለይን ጠየቀችው፤ «አንተስ ለምን ነበር የተውከው?»

«እጄን ያንቀጠቅጠኛል» አለ። «ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ። ዣንጥላ ካልጠገንኩ ምኑን ደህና ሆንኩት?»

«እና ለምን አልነገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«ይሄማ መላ አለው» አለች ሲስተር ውዴ። «ነገ ና፣ ሐኪሙ መጠኑን ያይልሃል፤ ካልሆነም ይቀይርልሃል።»

ይህን ሲነጋገሩ ዋርካው ሥር የተቀጠሩት ወንድማማቾች ሽማግሌውን ፍለጋ መጡ። ጋሽ አደላድለው በጋቢ ተሸፍነው ሲያዩ ታላቁ ደንግጦ «ሞቱ እንዴ?» አለ።

«አልሞቱም» አለ አንለይ። «ለዛሬ የእኔን መድኃኒት ወስደውልኝ ነው።» ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቱ ላይ ፈገግታ ታየ። ወንድማማቾቹም መሳቅ ከጀመሩ ማቆም አቃታቸው፤ እየሳቁ ደግሞ ተኮራርፎ መቆየት አልሆነላቸውም። የሚያጣድፋቸው ስላልነበረ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ድንበራቸውን ራሳቸው ተነጋግረው ጨረሱት።

ጋሽ አደላድለው ነቅተው፣ በሲስተር ውዴ ትእዛዝ ቀስ ብለው ቀና ሲሉ፣ ሁሉም በዙሪያቸው ተቀምጧል። የሆነውን ከእነምክንያቱ ነገሯቸው። ሽማግሌው ሊቆጡ ከጀሉ፤ ግን ቃል ቃል ነውና ወንድማማቾቹን ለምስክርነት አቁመው፣ «ልጁ ልክ ነበር። ተናግሮ ያልሰማነው እኛ ነን» አሉ። አንለይ ሄዶ ፌስታሉን ከአልጋው ሥር አወጣና መርፌውንና ክሩን በረንዳው ላይ ወደነበሩበት መለሰ። «መናገር ካለብሽ ለእኔ ንገሪኝ፤ ለሙቀጫው አይደለም» አላት እናቱን። እሷም ዳግመኛ ላትደብቀው በእመቤታችን በማርያም ማለችለት።

ትሁን እራት አቀረበች፤ በአንድ ትሪ፣ ለሁሉም። ከትሪው አጠገብ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ከብርጭቆው አጠገብ አንድ ክኒን በግልጽ አስቀመጠች። አንለይ ነገ ሐኪሙ ዘንድ አብረው እንደሚሄዱ እናቱን አስምሎ፣ ክኒኑን በራሱ እጅ አንሥቶ ዋጠና «እንብላ» አለ። ጋሽ አደላድለው ግን ሽሮውን አዩ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ መልሰው ሰበሰቡ። ትሁን ገብቷት ከእሳቸው ፊት ቆርሳ ቀመሰች፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ሽማግሌውም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩሉ አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ለአንለይ ካጎረሱት በኋላ ወደ እናቱ ዞር ብለው፣ «ይኸውልሽ አበልጄ፣ ከልጅ የሸሸጉትን እንግዳ ይበላዋል» አሉ።