ባርኔጣ ያደረገችው የዱባ ዳቦ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ፤ እታፈራሁ ላም የላትም። ያላት አንድ ዶሮ፣ አንድ ውሻና አንድ ባል ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሚያስቸግር እናንተው ፍረዱ።

ባሏ አያ ድልነሳው ሳምባውን ታሞ ክረምቱን በሙሉ ተኝቶ ከረመ። በሽታውስ ለቆታል፤ የቀረው ጉልበት ነው። ጉልበት በምግብ ይመጣል፣ ምግብ በአፍ ይገባል፣ የአያ ድልነሳው አፍ ግን ለወሬ ካልሆነ በቀር አልከፈት አለ። አጥሚቱን ብትሰጠው «ጭቃ ነው» አለ። ሾርባውን «የእጅ እጣቢ ነው» አለ። ሥጋውን አላምጦ አላምጦ «ይሄ በሬ የኔ እኩያ ነው፣ ነውር ነው» ብሎ መለሰው። ሐኪሙ «ገንቢ ምግብ ካልበሉ እግርዎ አይጸናም» ብሎ አስጠንቅቆታል፤ እግሩም እንደተባለው ቀን በቀን እየሳሳ፣ የልጅ እግር አክሎ ነበር።

«ታዲያ ምን ልስጥህ? ምን አማረህ?» አለችው አንድ ጠዋት፣ ጋቢውን ስታለብሰው። ድምፅዋ ቁጣ ነው፤ እጇ ግን ጋቢውን እስከ አገጩ ድረስ ቀስ አድርጎ ነው የሳበው።

ድልነሳው አሰበ። «ያቺ ትርንጎ በስልኳ ያሳየችን ዳቦ» አለ። «ትንሿ። ባርኔጣ ያደረገችው። እሷን ባገኝ እበላ ነበር።»

እበላ ነበር! እታፈራሁ ይህን ቃል ከሰማች ስንት ጊዜዋ። ከተማ ላለችው ልጃቸው ለትርንጎ ወዲያው ደወለች።

«እማዬ፣ እሷ እኮ የዱባ ኬክ ናት፤ ቀላል ናት» አለች ትርንጎ። «የተቀቀለ ዱባ፣ እንቁላል፣ የሽምብራ ዱቄት፣ ትንሽ አይብ። ስኳር አታብዢ፣ ማር ጠብ አድርጊባት። በዚያች በገዛሁልሽ ኦቨን፣ በትናንሾቹ ቆርቆሮዎች ጋግሪያት። ፕሮቲን በፕሮቲን ናት!»

«ፕሮቲን ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አለ ድልነሳው ከአልጋው።

«የሐኪሙ ዘመድ ነው፤ አንተ አርፈህ ተኛ!» አለችው እታፈራሁ። ነፋስ እንዳይነካው፣ ምች እንዳይመታው፣ እንደ ወትሮዋ በሩን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች። ደጃፉ ላይ ጃሎ፣ የድልነሳው ውሻ፣ እንደ ወትሮው ይጮሃል። «አንተም እንደ ጌታህ አፍህ ብቻ ቀረ» ብላው አልፋ፣ ቢላዋዋን ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች።

ዱባው አጥሩ ላይ ተንጋሎ ፀሐይ ይሞቃል። ሆዱ ወደ እታፈራሁ ነው፤ ሥሩ ግን ወደ ጎረቤቷ ወደ ስንዱ። በዚያ ሰፈር ሕጉ የታወቀ ነው፤ ዱባ አጥር ዘሎ ቢያፈራ፣ ሥሩ ያለበት ቤት ሳይፈቅድ ቢላዋ አይነካውም።

«ስንዱ! አንቺ ስንዱ! ይህን ዱባ ፍቀጂልኝ፣ ለአያ ድልነሳው ነው!»

ስንዱ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አደረገች። «ለአያ ድልነሳው ነፍሴንም እሰጣለሁ፤ ላንቺ ግን ዱባ አልሰጥም! ዶሮሽ ከዓመት እስከ ዓመት የኔን ጎመን ትጭራለች፣ እንቁላሏን ግን አንቺ ቤት ሄዳ ትጥላለች። እስቲ አንድ ቀን ቅመሺ ብለሽኝ ታውቂያለሽ? እንቁላል አምጪ፣ ዱባሽን ቁረጪ!»

እውነት ነበር፤ እውነት ደግሞ ከጎረቤት አፍ ሲወጣ ይጎመዝዛል። እታፈራሁ ወደ ዶሮዋ ሄደች።

«ዶሮዬ፣ ዶሮዬ፣ እንቁላል ጣይልኝ! ስንዱ አልሰጥ አለች፤ ዱባ ከሌለ ዳቦ የለ፣ ዳቦ ከሌለ ድልነሳው አይበላ!»

ዶሮዋ አንድ ዓይኗን ብቻ ከፈተች። «ቋቅ! አሁን ገና አስታወስሽኝ? እሱ ከተኛ ጀምሮ አንዲት ፍሬ እህል በትነሽልኝ ታውቂያለሽ? ከስንዱ ጎመን የሚወጣው ላባ ነው፣ እንቁላል አይደለም። እህል አምጪ፣ እጥላለሁ።»

ያላት እህል አንድ ቁና ሽምብራ ነው፤ እሱም ሳይፈጭ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዟል። ወፍጮ ቤት ደግሞ ለዶሮ የሚሆን ጥራጊ አይጠፋም። እታፈራሁ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ወደ ባለ ወፍጮው ወደ አቶ ቸኮል ገሰገሰች። ስሙ ቸኮል ይሁን እንጂ፣ ሰውየው ከወንበሩ ሲነሳ ያየ ሰው የለም።

«አቶ ቸኮል፣ ሽምብራዬን ፍጭልኝ፣ ከጥራጊውም ዝገንልኝ! ዶሮ አልጥል አለች፣ ስንዱ አልሰጥ አለች፤ ዱባ ከሌለ ዳቦ የለ፣ ዳቦ ከሌለ ድልነሳው አይበላ!»

«እትዬ እታፈራሁ፣ ለአያ ድልነሳውማ በጥርሴም ቢሆን እፈጭ ነበር» አለ ቸኮል በወንበሩ ላይ እንደተዘረጋ። «ግን ወፍጮው አይዞርም። ካልዞረ ዱቄት የለ፣ ዱቄት ከሌለ ጥራጊ የለ። መብራት ጠፍቷል፤ አላወቅሽም እንዴ?»

«የኔም ቤት ጠፍቷል፤ የመብራት መጥፋት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወሬ የሆነው?»

«ይሄኛው ሌላ ነው። ነፋሱ ሽቦ በጥሷል አሉ። ጠጋኙ ፋንታሁን ሻይ ቤት ተቀምጧል፤ ሄደሽ እሱን ፍጪው። ምላስሽ እንደሆነ ከኔ ወፍጮ ይበልጣል፣ ያለ መብራትም ይፈጫል።»

«ያንተን ወገብ አልፈጨልህም እንጂ!» ብላው ወጣች።

ፋንታሁን መሰላሉን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሻዩን ያማስላል። ሻዩ ስኳር የለውም፤ ሰውየው ግን ያማስላል። የተጨነቀ ሰው እንዲህ ነው።

«ልጄ ፋንታሁን፣ ተነስ ሽቦውን ቀጥል! መብራት አልመጣ አለ፣ ወፍጮ አልዞር አለ፣ ዶሮ አልጥል አለች፣ ስንዱ አልሰጥ አለች፤ ዱባ ከሌለ ዳቦ የለ፣ ዳቦ ከሌለ ድልነሳው አይበላ!»

«አልወጣም፣ እማማ» አለ ፋንታሁን። «ኤሌክትሪክ አልፈራም። ከፍታም አልፈራም። ምሰሶው ሥር ያለውን ውሻ ግን እፈራለሁ። እዩት ሱሪዬን!» ሱሪው ከጉልበቱ በታች የለም።

«የማን ባለጌ ነው ውሻውን የማያስር?»

ፋንታሁን ማማሰሉን ተወ። «የእርስዎ ነዋ፣ እማማ። ምሰሶው ያለው የእርስዎ ደጃፍ ላይ ነው።»

ሻይ ቤቱ ሁሉ ሳቀ።  ሰፈሩን ዞራ፣ ሰዉን ሁሉ ተቆጥታ፣ ተመልሳ የገዛ ደጇ!

ፋንታሁን መሰላሉን ተሸክሞ ከኋላ፣ እሷ ከፊት ሆነው መጡ። ጃሎ ጥርሱን አግጦ ጠበቃቸው። ብትቆጣው ጮኸ። ብታባብለው ጮኸ። አጥንት ብትወረውርለት አሽትቶ ተወው፤ ለካ እሱም እንደ ጌታው መብላት ትቷል፣ ጎኑ ገብቶ የጎድን አጥንቱ ይታያል። በገመድ ብታስረው በጠሰው። በመጨረሻ ፊቱ ቁጢጥ አለች።

«ጃሎ፣ አንተ ጃሎ፣ ዝም በል! ፋንታሁን አልወጣ አለ፣ መብራት አልመጣ አለ፣ ወፍጮ አልዞር አለ፣ ዶሮ አልጥል አለች፣ ስንዱ አልሰጥ አለች፤ ዱባ ከሌለ ዳቦ የለ፣ ዳቦ ከሌለ ጌታህ አይበላ!»

«ዝም አልልም!» አለ ጃሎ። «ጌታዬ በዚህ በር ገባ፤ ሲወጣ ግን አላየሁትም። የገባው ካልወጣ እኔ የምን ጠባቂ ነኝ? ወይ በሩን ክፈቺልኝ፣ ወይ ስጮህ ልሙት!»

እታፈራሁ ወደ በሩ ዞረች። በሩ ቆሟል፤ እሷም ቆመች።

ያን በር ለምን እንደምትዘጋው ልንገራችሁ። ክረምቱ ሲወጣ ድልነሳው «ትንሽ ፀሐይ ልሙቅ» ብሎ ብቻውን ተነስቶ ነበር። ደፉ ላይ ወደቀ። እታፈራሁ ከገበያ ስትመለስ ምድር ላይ ተዘርግቶ አገኘችው፤ የሞተ መሰላት። ከዚያን ቀን ወዲህ በር ዘጋች፣ መስኮት ዘጋች፣ ነፋስ ከለከለች፣ ፀሐይ ከለከለች። ጠያቂ ሲመጣ «ተኝቷል» እያለች መለሰች። ባሏን ከምች ደበቀችው፤ ከሰውም፣ ከውሻውም አብራ ደበቀችው።

ደፉ ላይ ተቀመጠችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«እታፈራሁ!» አለ ድምፅ ከውስጥ። «ከውሻ ጋር ምን ታወሪያለሽ?»

«በር አልከፈት አለ» አለች በደከመ ድምፅ፣ «ጃሎ ዝም አልል አለ፣ ፋንታሁን አልወጣ አለ፣ መብራት አልመጣ አለ፣ ወፍጮ አልዞር አለ፣ ዶሮ አልጥል አለች፣ ስንዱ አልሰጥ አለች፤ ዱባ ከሌለ ዳቦ የለ፣ ዳቦ ከሌለ አንተ አትበላ።»

ከውስጥ አንድ ነገር ተሰማ። መጀመሪያ ሳል መሰላት። ሳቅ ነበር።

«እንግዲያ እኔ ነኛ ሰፈሩን ያጨለምኩት!»

«አንተ አይደለህም» አለች እታፈራሁ። «በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»



«ክፈቺው እንግዲህ።»

«ብትወድቅስ?»

«ብወድቅ ትይዢኛለሻ። እድሜዬን ሙሉ በምላስሽ ይዘሽኝ የኖርሽ፣ ዛሬ በእጅሽ ያቅትሻል?»

እታፈራሁ ተነሳች። መወርወሪያውን ሳበች። በሩ ያን ያህል ጊዜ ወለል ብሎ ሳይከፈት ከርሞ ኖሮ፣ እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ተከፈተ፤ ፀሐይዋም ሳትጠራ ገባች። ድልነሳው አንድ እጁን በከዘራው፣ አንድ እጁን በሚስቱ ትከሻ አድርጎ፣ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ደፉ ላይ ደረሰ።

«ጃሎ!» አለ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። ጃሎ ጩኸቱን መሃል ላይ ቆረጠው። በሆዱ እየተሳበ መጣና አፍንጫውን የጌታው እግር ላይ አድርጎ ተኛ።

በሩ ተከፈተ፣ ጃሎ ዝም አለ! ጃሎ ዝም ቢል ፋንታሁን ምሰሶው ላይ ወጣ፤ ፋንታሁን ቢወጣ መብራት መጣ፤ መብራት ቢመጣ ወፍጮ ዞረ፤ ወፍጮ ቢዞር ቸኮል እንኳ ከወንበሩ ተነሳ፣ ሽምብራው ተፈጨ፣ ጥራጊው ተዘገነ። ዶሮዋ ለቀመች፣ ጠገበች፣ ተቀመጠች፣ ሰፈሩን አውካ አንድ ትልቅ እንቁላል ጣለች።

እታፈራሁ እንቁላሉን በሁለት እጇ ይዛ አጥሩ ዘንድ ሄደች። «ስንዱ፣ ይኸውልሽ። ከዛሬ ጀምሮ ሳላቀምስሽ አላድርም።»

ስንዱ እንቁላሉን ተቀበለች። ገና ትኩስ ነው። በእታፈራሁ ትከሻ አሻግራ ብታይ፣ አያ ድልነሳው ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል! «እልልል! እግዜር ይመስገን! ወጣ እንዴ?» አለች። ዱባውን ራሷ ቆረጠች፤ እንቁላሉን ዱባው ላይ አስቀምጣ ሁለቱንም በአጥሩ ላይ አሻገረች። «የዛሬው የሱ ነው፤ የኔ ተራ ነገ። ሥሩ የኔ፣ ፍሬው ያንቺ፤ ዳቦው ሲደርስ ግን ሽታው አጥር አያውቅም፣ እመጣለሁ።»

ዱባው ተቀቀለ፣ ተደቆሰ። እንቁላሉ ተመታ። የሽምብራው ዱቄት ገባ፣ አይቡ ገባ፣ ማሩ ጠብ አለ። ትናንሾቹ ቆርቆሮዎች ኦቨኑ ውስጥ ተደረደሩ። እታፈራሁ ከመስታወቱ ፊት በርከክ ብላ ስታይ፣ ቀስ፣ ቀስ እያሉ ከቆርቆሯቸው አፍ በላይ አብጠው ሁሉም ባርኔጣቸውን አደረጉ።

ድልነሳው የመጀመሪያዋን ተቀብሎ አገላብጦ አያት። «ባርኔጣዋ ወደ አንድ ጎን ዘማለች» አለ።

«አንተም ሙሽራ ሆነህ ስትመጣ ባርኔጣህ ዘሞ ነበር፤ መለስኩህ እንዴ? ብላ!»

በላ። ባርኔጣዋን በላ፣ ሆዷን በላ፣ ከጋቢው ላይ ፍርፋሪዋን ለቀመ። ሁለተኛዋን አነሳ። አፉ ድረስ አድርሶ ተወና ለእታፈራሁ አጎረሳት፤ እሷም ልትመልስለት የነበረውን ነገር ከዳቦው ጋር አብራ ዋጠችው። ሦስተኛዋን ከጃሎ ጋር ተካፈለ። ስንዱ መጣች፣ ፋንታሁን በተቀደደ ሱሪው መጣ፣ ቸኮልም ደረሰ፤ ወንበሩን ይዞ።

ተረቴን በላሁት፣ ፍርፋሪው ለዶሮዋ ይሁን። የበሩን ነገር ካነሳችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ቀን ቀን ተዘግቶ አያውቅም። ጎረቤት «ኧረ እታፈራሁ፣ ምች እንዳይገባ!» ሲላት መልሷ አንድ ነው፤ «ጃሎ ደፉ ላይ ተኝቷል። ምችም ሱሪውን የሚወድ ከሆነ ይጠንቀቅ!»