ስንዴ የተከለከለችው እናት

አንድ ወጣት ሹም የኔታን «ልጁን ከትምህርት ቤት በማስቀረት የተፈረደበት ወላጅ የእርዳታ እህል ቢከለከል ምን ክፋት አለው?» ብሎ ጠየቃቸው። የኔታም እንዲህ አሉት።

አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፤ ያለቻት አንዲት ልጅ፣ ብርቄ ብቻ ናት። ድርቅ ስለገባ በየወሩ በሚሰፈርላቸው የእርዳታ ስንዴ ያድራሉ። ሴትዮዋ ፊደል አልቆጠረችም። ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ «እስቲ የዛሬውን አንብቢልኝ» ትላታለች፤ ዓይኗን ከልጇ ከንፈር ሳትነቅል ትሰማታለች።

የመንደሩ ምንጭ ሲደርቅ ውሃ የግማሽ ቀን መንገድ ሆነ። እናት ጉልበቷን ያማት ስለነበር ብርቄ በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት እየቀረች ትቀዳ ጀመር። የአገሩ ገዥ ደግሞ «ልጁን ያስቀረ ይከሰስ፤ የተፈረደበትም ስንዴ አይሰፈርለት» ብሎ አዋጅ አስነገረ። ሴትዮዋ ዳኛ ፊት ቀረበች።

«ልጅሽ ቀርታለች ወይስ አልቀረችም?»

«ቀርታለች ጌታዬ፤ ግን ውሃው...»

«የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ።»

ተፈረደባት። ስሟም ከስንዴው መዝገብ ተሰረዘ። ሁለት ወር ጎረቤት ደገፋት፤ ጎረቤትም የራሱ ራብ ነበረበት። በሦስተኛው ወር ብርቄን «እዚያ እንኳ ትበያለሽ» ብላ ለአንድ ነጋዴ ቤት ሠራተኛ አድርጋ ሰጠቻት። ልጅቱ ደብተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ የትምህርት ቤቱ ደወል በተደወለ ቁጥር ሴትዮዋ እያነከሰች ሄዳ አጥሩ ሥር ትቆማለች። ልጆቹ ባንድ ላይ ሲያነቡ የልጇን ድምፅ ከመሃል ትፈልጋለች። ገዥው ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ መጥቶ አያት።

«ማንን ትጠብቂያለሽ?»

«ማንንም ጌታዬ። ልጄ እዚህ ታነብ ነበር።»

ነገሩን ሲያጣራ ደነገጠ። ከተሰረዙት ቤተሰቦች ልጆች አንድም እንኳ ወደ ትምህርት አልተመለሰም። አዋጁን ሻረ፤ ስንዴውን መለሰላት፤ ብርቄን የሚያመጣ ሰውም ላከ። ነጋዴው ግን ቤተሰቡን ይዞ አገር ለቋል፤ የት እንደገባ የሚያውቅ አልተገኘም። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ የሁለት ሰው ስንዴ ይሰፈርላታል። የአንዱን ትበላለች፤ የአንዱን ታስቀምጣለች።

የኔታ ወደ ሹሙ ዞሩ። «ልጄ፣ ብርቄ በሳምንት ሦስት ቀን ትማር ነበር፤ ቅጣቱ ሦስቱንም ወሰደባት። ትምህርት ቤት ያደርሳት የነበረው ያ ስንዴ ነበራ! አንተም ብዕር ስታነሳ የምትሰርዘው የእናቲቱን ስም ነው፤ የምትጠፋው ግን ልጅቱ ናት። በል ሂድ፤ መጀመሪያ ውሃው የት እንደሚቀዳ ጠይቅ።»